ቀይ ጤፍ በሀብታሙ ማዕድ፤ የእንጀራ ቀለምና የመደብ ድንበር

መሶብ ወርቅ (ውይይቱን የከፈተው)

ስለ መደብ ልዩነት ሲነሣ ብዙዎቻችን ወዲያው የምንጠቅሰው መኪናን፣ ቤትን፣ የልጆችን ትምህርት ቤትና የሰፈርን ስም ነው። እነዚህ ዋጋቸው በግልጽ የሚታወቅ በመሆኑ ማን የት እንደቆመ ለመናገር አያስቸግሩም። እኔ ዛሬ ለውይይት የማቀርበው ግን በየቀኑ በእጃችን የምንቆርሰውንና የግል ጣዕም ጉዳይ ብቻ አድርገን የምናልፈውን የእንጀራችንን ቀለም ነው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው የጤፍን ደረጃ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው ያውቀዋል። ከላይ ማኛ አለ፤ ቀጥሎ ነጭ፣ ከዚያ ሰርገኛ፣ ከሁሉ በታች ቀይ ጤፍ ይመጣል። የአድአና የምንጃር ነጭ ጤፍ በአገሩ ስም እየተጠራ ይሸጣል፤ ቀዩን ግን ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅለት ሰው እምብዛም አልነበረም። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር ነጭ ይጋገራል። እንግዳ ከተጠራም ነጭ ይጋገራል። ቀዩ ለዘወትር ወይም ለቤት ሠራተኛ ነበር። በአንዳንድ ቤት ሁለት ዓይነት ሊጥ ጎን ለጎን ይቦካ እንደነበር፣ የሠራተኛዋም እንጀራ ከአሠሪዎቿ ተለይቶ ይቀመጥ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ ብዬ አምናለሁ። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ምጣድ በወጣ እንጀራ፣ ማን ከማን እንደሚለይ በየቀኑ ይነገር ነበር ማለት ነው።

ባለፉት ዓመታት ግን ነገሩ ተገልብጧል። በከተማችን ደህና ደህና በሚባሉ ምግብ ቤቶች የቀይ ጤፍ እንጀራ እንዳለ ለደንበኛ ተለይቶ ይነገራል፤ በሱፐርማርኬትም በጥሩ ማሸጊያ ተጠቅልሎ ይሸጣል። በስኳር ሕመም ወይም በደም ማነስ ምክንያት ወደ ቀይ ጤፍ የተመለሱ አሉ፤ ስለ ብረትና ስለ አሰር አንብበው የለወጡም አሉ። ኑሮው የተደላደለ ሰው ዛሬ «እኛ ቤት ቀይ ጤፍ ብቻ ነው» ሲል በድምፁ ውስጥ እፍረት የለም፤ እንዲያውም ለጤናው የሚያስብ፣ ያነበበና ለታይታ የማይጨነቅ መሆኑን ያስታውቅበታል። በዚያው ከተማ ቀይ ጤፍ ሲበላ የኖረው ቤተሰብ ግን እንግዳ ሲመጣበት አሁንም ይሸማቀቃል፤ ከጎረቤት ተበድሮም ቢሆን ነጭ እንጀራ ከሱቅ አስመጥቶ ያቀርባል።

እህሉ አንድ ዓይነት ነው፤ አጋገሩም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በላተኛው ነጩን መግዛት ይችል እንደነበር ሌሎች ማወቃቸው ነው። ነጩን መግዛት የሚችለው ቀዩን ሲያነሣ ምርጫ ይባልለታል፤ መግዛት የማይችለው ያንኑ ሲያነሣ እጦት ይባልበታል። ክብሩ በጤፉ ቀለም ላይ ያረፈ ቢሆን ኖሮ ቀዩ በከበረ ጊዜ ሲበሉት የኖሩትም አብረውት በከበሩ ነበር፤ ይህ ግን አልሆነም። ስለዚህ እኔ የምለው፣ የመደብ ምልክት የሚያርፍበት ዕቃ ወይም ምግብ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል፤ ምልክቱን ከአንዱ አንሥቶ በሌላው ላይ የማሳረፍ ሥልጣን ግን ከላይ ካሉት እጅ አይወጣም። የተለየ አስተያየት ያላችሁን ለማንበብ ጓጉቻለሁ።

ሚዛን

የአቅራቢውን ጽሑፍ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ በዋናው ነጥብ ላይ ግን አልስማማም። ሰው ነጭ ጤፍ የወደደው ሌላውን ለመናቅ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ለእናቶቻችን ዕውቀት ክብር መንፈግ ይመስለኛል። ጥሩ ማኛ ለስላሳ እንጀራ ይወጣዋል፣ ዓይኑ ያማረ ይሆናል፣ ሲጠቀለል አይሰነጠቅም። ከዚህም በላይ ጤፍ በአውድማ ላይ በበሬ እግር የሚበራይ እህል በመሆኑ አፈርና ጠጠር ይገባበታል፤ በነጭ እህል ላይ ቆሻሻ ወዲያው ስለሚታይ ንጣቱ ራሱ እህሉ በሚገባ መነፋቱንና መበጠሩን ለገዢው ይመሰክርለታል። ስለዚህ ለንጣቱ የተከፈለው ዋጋ ከፊሉ ለንጽሕናው የተከፈለ ነው።

ለእንግዳ ከቤት ያለውን የተሻለ ማቅረብም በሀብታምም በድሃም ዘንድ ያለ ጨዋነት ነው። ድሃው ለእንግዳው ነጭ እንጀራ ሲያቀርብ የበታችነቱን እየመሰከረ ነው ማለት ፍቅሩን እንደ ውርደት መቁጠር ይሆንብኛል። የዛሬዎቹ ቀይ ጤፍ ተመጋቢዎችም አብዛኞቹ ሐኪም የመከራቸው፣ የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ሕመምተኛ የሚበላውን ሁሉ የመደብ ምልክት አድርገን ከተረጎምነው ትርጓሜያችን ማቆሚያ አይኖረውም።

ምጣድና አክንባሎ

እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች፣ ለምግብ ቤቶችና ለግለሰቦች በማስረከብ የምተዳደር ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ያላነሣችሁትን አንድ ነገር ከሥራዬ ላስረዳ። ሚዛን ወንድሜ ንጣት የንጽሕና ምስክር ነበር ማለትህ ልክ ነው፤ ነገር ግን ያ ምስክርነት ዛሬ ፈርሷል። የጤፍ ዋጋ እየናረ ሲሄድ ለየሱቁ የሚከፋፈለው እንጀራ በብዛት ሩዝ የተቀላቀለበት ሆኗል። ሩዝ የእንጀራውን ዋጋ ይቀንሳል፤ ከዚያም በላይ ያነጣዋል። የሰርገኛ ዱቄት ላይ በቂ ሩዝ ከገባበት እንጀራው ለዓይን ከማኛ ጋር ይመሳሰላል። በማግሥቱ ግን ይደርቃል፣ ይፈረፈራል፣ ጣዕሙም ሌላ ነው። ከዚህ የባሰ ወንጀል የሠሩ፣ ጀሶና ሰጋቱራ ሲቀላቅሉ የተያዙ ሰዎች መኖራቸውንም በዜና ሰምተናል።

የዚህ ውጤት ምን እንደሆነ እኔ በትእዛዝ ደብተሬ ላይ አየዋለሁ። በእጁ ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ነጭ እንጀራ ማግኘት ችሏል፤ ከሱቅ በነጠላ የሚገዛው እንጀራ በጣም ነጭ ነው። ገንዘብ ያለው ደግሞ ያን ንጣት መጠርጠር ጀመረ። «ቀላ ያለ ይሁን፣ ምንም ነገር አይግባበት» የሚሉኝ ደንበኞች ጤፉን ራሳቸው ገዝተው፣ አስለቅመው፣ ወፍጮ ቤት ድረስ ሰው ልከው አስፈጭተው የሚያመጡልኝ ናቸው። ጤፉን በኩንታል የሚገዛ፣ ማስቀመጫ ያለውና ሰው መላክ የሚችል ቤተሰብ ነው ይህን የሚያደርገው። በቀን ገቢ የሚኖረው ሰው የሚበላውን በየዕለቱ በነጠላ ስለሚገዛ ውስጡ ምን እንዳለ የማወቅ ዕድል የለውም። ስለዚህ በእኔ ዓይን ያሁኑ ድንበር ከቀለሙ አልፏል፤ የምትበላውን ነገር ምንጩን ማወቅ መቻልና አለመቻል ላይ ደርሷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀይ ጤፍ የሚያስጋግሩኝ እነዚሁ ደንበኞቼ ለልጃቸው ሠርግ ሲያዙኝ አንዳቸውም ቀይ ብለውኝ አያውቁም። ለሠርጉ ማኛ ነው የሚታዘዘው።

የብርሌ ዘመን

እህታችን ምጣድና አክንባሎ የጻፈችው የውይይቱን አቅጣጫ አጥርቶታል፤ እኔ ወደ ኋላ ሄጄ ከታሪካችን ጥቂት ልጨምርበት። በነገሥታቱ ዘመን ምግብና መጠጥ የማዕረግ መለያ መሆኑ በስውር የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ በሥርዓት የተደነገገና በአደባባይ የሚታይ ነበር። በዐፄ ምኒልክ አዳራሽ ግብር ሲገባ ንጉሡ በመጋረጃ ተከልለው ይመገባሉ፤ መኳንንቱ እንደየማዕረጋቸው ቅደም ተከተል በቅርብ ይቀመጣሉ፤ እነርሱ ከጨረሱ በኋላ ወታደሩ በየተራ እየገባ ይበላል። ጠጁ በመኳንንቱ እጅ በብርሌ ሲሆን ለወታደሩ በቀንድ ዋንጫ ይቀርብ ነበር። ጠጅ የመሳፍንቱና የመኳንንቱ፣ ጠላ የገበሬው መጠጥ ሆነው መለየታቸውም በዚያ ዘመን ለማንም እንግዳ አልነበረም። ማር በግብርነት ወደ ጌታው ቤት የሚገባ ዕቃ ስለነበር ማን ጠጅ እንደሚጥል የሚወስነው ፍላጎት ብቻ አልነበረም።

ይበልጥ የሚያስገርመኝ የቡና ታሪክ ነው። ዛሬ ጀበና ያልተጣደበት ቤት ያዘነ ቤት ይመስላል፤ ነገር ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት የሚያስነቅፍ ነበር። የሙስሊሞች መጠጥ ነው ተብሎ ካህናቱ ይከለክሉት ነበር። ነገሩ የተለወጠው ምኒልክ ራሳቸው ቡና ጠጪ በመሆናቸውና አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥላቻ ለማላላት በመጣራቸው ነው። የቡናው ፍሬ ያው ነበር፤ የተለወጠው የጠጪው ማንነት ነው። በሌላ በኩል ግን ቀድሞ ሲጠጡት የነበሩት ሰዎች ቡናው በቤተ መንግሥት ስለከበረ ብቻ ወዲያው እኩል አልታዩም። ይህ መሶብ ወርቅ ስለ ቀይ ጤፍ ካለው ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ይመስለኛል።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ለብዙ መቶ ዓመታት ነጭ ዳቦ የጌቶች፣ ጥቁር ዳቦ የጭሰኞች ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በብረት ከበሮ የሚፈጭ ወፍጮ ተስፋፍቶ ነጭ ዱቄት ከረከሰና የሠራተኛው ሁሉ ምግብ ከሆነ በኋላ የተማረውና ባለጸጋው ወደ ጥቁሩ ዳቦ ተመለሰ። በእኛ አገር ሩዝ የሠራውን ሥራ በእነርሱ ዘንድ ወፍጮው ሠርቶታል ማለት ነው።

መሶብ ወርቅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ እህቴ ምጣድና አክንባሎ ስለ ሠርጉ የጻፍሽው እኔ ያላሰብሁትን ነገር አሳይቶኛል። በቤት ውስጥ ቀይ፣ በድንኳን ውስጥ ነጭ ከሆነ አንድ ቤተሰብ በሁለት ሸንጎ ፊት በሁለት ምልክት ይናገራል ማለት ነው። በቅርብ ወዳጆች ፊት የተማረና ጤናውን የሚጠብቅ ሆኖ መታየት ይበቃዋል፤ ከገጠር የመጡ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ሁሉ በሚሰበሰቡበት ድንኳን ግን ቀይ እንጀራ ቢያቀርብ ብዙዎቹ ንፉግነት አድርገው እንደሚተረጉሙበት ያውቃል። አዲሱ ምልክት የሚሠራው አዲሱን ምልክት ማንበብ በሚችሉት መካከል ብቻ ነው። ገንዘብ ሳይለያቸው የንባብ ልምድ የሚለያቸው ሰዎች እዚህ ላይ ይታያሉ፤ ነጋዴውና ምሁሩ በገቢ እኩል ሆነው በማዕዳቸው የሚለያዩት ለዚህ ይመስለኛል።

ለሚዛን ደግሞ ይህን እላለሁ። ነጭ ጤፍ ምንም ጥቅም የለውም አላልኩም፤ የስኳር ሕመምተኛም ለታይታ ይበላል ማለቴ አይደለም። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ ፒየር ቡርዲዩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከ1,200 በላይ የአገሩን ሰዎች ስለ ምግብ፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ሥዕልና ስለ ቤት ዕቃ ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት ያሳየው ዋና ነገር ሰዎች ጣዕማቸውን ከልባቸው እንደሚወዱት ነው። ማስመሰል አያስፈልግም። ችግር ያሳደገው ሰው ችግሩ የፈቀደለትን መውደድ ይለምዳል፤ ከችግር ርቆ ያደገውም ርቀቱን ራሱን ይወደዋል፤ ሁለቱም ፍላጎታቸው ከተፈጥሯቸው የመጣ ይመስላቸዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ቀይ ጤፍን ለጤናው ብሎ በቅንነት መብላቱና ያ አበላል በሌሎች ዘንድ የመደብ ምልክት ሆኖ መነበቡ እርስ በርሳቸው አይጋጩም።

ጥቁር አፈር

በግብርና ሙያ የተሰማራሁ በመሆኔ ከማሳው ጀምሬ ልናገር። ይህ የቀለም ጉዳይ በከተማ ማዕድ ላይ አያበቃም፤ በአገራችን ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት በሚሸፍነው ሰብል ላይ ምን ዓይነት ዘር እንደሚዘራ ሲወስን ኖሯል።

ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ ታሪክ እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ቀደም ብሎ የወጣው ዱከም የተባለው ዝርያ ጥሩ ምርት የሚሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ፍሬው ገበያው የሚፈልገውን ያህል ነጭ ስላልነበረ ገበሬው አልተቀበለውም። ማኛ በበኩሉ እጅግ ነጭ ሆኖ ምርቱ ዝቅተኛ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አዳቅለው ምርታማነትንና ንጣትን ያጣመረውን ቁንጮን እ.ኤ.አ. በ2006 አወጡ፤ ከዚያም በየክልሉ በፍጥነት ተስፋፋ። ልብ በሉ፤ ብዙ ኩንታል የሚሰጥ ዘር በእጅ እያለ የከተማው ሰው ዓይን ስላልወደደው ብቻ ለዓመታት ሳይስፋፋ ቆየ። የገዢው ጣዕም የገበሬውን ማሳ ያዘዘበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ቀይ ጤፍ በአንጻሩ ለም ባልሆነ መሬትም የተሻለ ስለሚቋቋም ብዙ ገበሬ በዳር በዳር ማሳው ላይ ይዘራዋል፤ ነጩን ለገበያ አውጥቶ ቀዩን ለቤቱ ያስቀራል። ከተሻሻሉት ዝርያዎች መካከል እንደ አስጎሪና እንደ ቀይ ጤና ያሉ ቀያዮች አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ከነጮቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለ ብረት ንጥረ ነገር የሚወራውን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጤፍ ውስጥ የሚለካው ከፍተኛ የብረት መጠን ከፊሉ ሚዛን ከጠቀሰው የአውድማ አፈር ጋር የሚመጣ መሆኑ በሙያው ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል፤ እህሉ በደንብ ሲታጠብ መጠኑ ይቀንሳል። ጤፍ ነጭም ሆነ ቀይ ጥሩ ምግብ ነው። ስለዚህ ለቀዩ አዲስ ክብር የሰጠው ሳይንስ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም።

የእንሰት ጥላ

እኔ ያደግሁት በጉራጌ ምድር፣ እንሰት በሚበላበት ቤት ነው፤ ስለዚህ ጤፍ ነጭ ይሁን ቀይ የሚለው ጥያቄ ራሱ በእኔ ዓይን ከላይ ካለው ፎቅ ላይ የሚደረግ ክርክር ሆኖ ይታየኛል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ በተመሠረተበት አገር እንጀራ የሌለበት ማዕድ እንዳልተሟላ ሲቆጠር ኖሯል። ከተማ መጥተን ትምህርት ቤት ስንገባ በምሳ ዕቃችን ቆጮ ይዘን መታየት እናፍር ነበር፤ ሽታውን እየጠቀሱ የሚሰድቡን ልጆች ነበሩ።

አሁን ወደ አንዱ ታዋቂ ክትፎ ቤት ሂዱና ተመልከቱ። ያው ቆጮ በቀጭኑ ተጋግሮ፣ በሚያምር ሁኔታ ተቆርጦ፣ ከክትፎ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ሲቀርብ የክብር ምግብ ነው፤ ባለሥልጣኑም ባለሀብቱም እንግዳውን የሚጋብዘው እዚያ ነው። ያንኑ ቆጮ በጎመን ብቻ የሚበላው የገጠሩ ገበሬ ግን የቆጮው መክበር አልደረሰውም። ቆጮውን ያከበረው ሥጋውና ቅቤው ነው። ይህን የምለው በምሬት ብቻ አይደለም፤ ክትፎ ቤቶቹ ለብዙ ወገኖቼ እንጀራ ሆነዋል፣ ልጆቻችንም ዛሬ በቆጮ አያፍሩም። ለመሶብ ወርቅ ሐሳብ ግን ማስተካከያ አለኝ። ምልክቱን የማዛወር ሥልጣን ሁልጊዜ ከላይ ባሉት እጅ ብቻ አይደለም፤ ቆጮን ወደ ከተማው መሃል ያመጡት ከሊስትሮነትና ከሱቅ ጠባቂነት ተነሥተው ምግብ ቤት የከፈቱ ሰዎች ናቸው። የላይኛው ክፍል የተቀበለው እነርሱ ካቀረቡለት በኋላ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለብዙ ዓመታት የኖርሁ በመሆኔ ከዚህ በኩል የሚታየውን ላካፍላችሁ። ቀደም ብለው የመጡት ታላላቆቻችን ጤፍ በቀላሉ ስለማያገኙ እንጀራቸውን ከስንዴ፣ ከገብስና እርሾ ከተቀላቀለበት የፈረንጅ ዱቄት ይጋግሩ ነበር። በኋላ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ጤፍ ማብቀል ተጀመረ፤ ከአገር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ቢከለከልም የተጋገረ እንጀራ በአውሮፕላን መምጣቱን ቀጠለ።

እዚህ ያለው ደረጃ የተለየ ቅርጽ ይዟል። የሐበሻ እንግዳ ሲጠራ የሚቀርበው «ከአዲስ አበባ የመጣ» እንጀራ ነው፤ ያ እንጀራ ነጭ፣ ቀጭንና ከአገር የመጣ በመሆኑ ብቻ ክብር አለው። የፈረንጅ ባልደረባ ሲጋበዝ ግን ጠቆር ያለው፣ ስንዴ ያልገባበት ንጹሕ የቀይ ጤፍ እንጀራ ይፈለጋል፤ ምክንያቱም እነርሱ ግሉተን የሌለው ጥንታዊ እህል ነው ብለው የሚያደንቁት ያን ነው። ነጩን ባቀርብላቸው የተጣራ ዱቄት ይመስላቸዋል። አገር ቤት ያሉ ወገኖች ቀይ ጤፍን መልሰው እንዲያከብሩት ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ የውጭ አድናቆት መሆኑን እገምታለሁ፤ ለእረፍት የሚሄደው ዘመድ «እዚያ በስንት ዋጋ የሚሸጥ መሰላችሁ» እያለ ያወራል። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ቀይ እንጀራ ቆርሳ ስትሰጠኝ «ይቅርታ ልጄ፣ ነጭ አጥቼ ነው» ትለኛለች። አሜሪካ ውስጥ ይበልጥ የሚወደደው እርሱ እንደሆነ ደጋግሜ ነግሬአታለሁ። የእርሷ ትውልድ በዚህ እህል ስም የሰማውን ንቀት እኔ በዋጋ ዝርዝር ልፍቀው አልቻልሁም።

ሚዛን

የተሰጡትን መልሶች በጥሞና አንብቤአለሁ። የቁንጮ ታሪክና የሩዙ ጉዳይ ከዚህ በፊት ያልገመትሁትን አሳይተውኛል፤ የገበያው ምርጫ ከጥራት ብቻ እንዳልመጣ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ሳልለቅ እጠይቃለሁ። ድንበሩ የሚጎዳው ሰዎች የተለያየ ነገር በመውደዳቸው ነው ወይስ የአንዱ መውደድ ሌላውን ለመመዘን በመዋሉ? በቤት ሠራተኛዋ ፊት የተለየ እንጀራ ማስቀመጥ ግፍ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። አንድ ሰው ግን በገዛ ገንዘቡ ማኛ ቢወድ ወይም ቀይ ቢወድ ከጎረቤቱ ምን ወሰደበት?

መሶብ ወርቅ

ለእንሰት ጥላ በቅድሚያ፦ ያነሣኸው ማስተካከያ ተገቢ ነው፤ ክትፎ ቤቶቹን የከፈቱትን ሰዎች ድርሻ ልዘነጋው አይገባም። ሆኖም ቆጮው ወደ ላይ የወጣው በሥጋና በቅቤ ታጅቦ መሆኑን አንተው ጽፈሃል፤ የላይኛው ክፍል ምግቡን ሲቀበል በራሱ መስፈርት አስጊጦ ነው የተቀበለው።

ለሚዛን፦ ጥያቄህን ለመመለስ ምርጫው በሚታይበት ቦታ ሁሉ ምን እንደሚያስከትል መመልከት ይኖርብናል። በመሥሪያ ቤት ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው አብረው የሚበሉና ተለይተው የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሽሮ የፈሰሰበትን ቀይ እንጀራ ላለማሳየት ምሳውን ሳይከፍት ወደ ቤቱ ይመልሳል። ለልጅ ጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ የቤቱ ማዕድ ይገመገማል። ማንም ጎረቤቱን ሊመዝን ብሎ አይበላም፤ መመዘኑ ግን ይፈጸማል፤ ከዚያም ማን ከማን ጋር እንደሚወዳጅ፣ ማን ለማን ሥራ እንደሚጠቁም በዚያው ይወሰናል። የተወሰደው ይህ ነው።

ምጣድና አክንባሎ

ከጎረቤቱ ምን ወሰደበት ለሚለው እኔም በእጄ ካለው መልስ ልስጥ። በፊት ቀይ ጤፍ ከነጩ በብዙ ይረክስ ስለነበር ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች በእርሱ ነበር ወሩን የሚያደርሱት። አሁን እኔ በምገዛበት እህል በረንዳ የቀዩና የነጩ ዋጋ ልዩነት በጣም ጠቧል፤ ጥሩ ቀይ ጤፍ ከሰርገኛ በልጦ የሚሸጥበት ጊዜም አለ። እነዚያ እናቶች ታዲያ ወደ ነጩ አልወጡም፤ ሩዝና በቆሎ ወደተቀላቀለበት ዱቄት ነው የወረዱት። ጥቁር አፈር ወንድሜ፣ አንተን መጠየቅ የምፈልገው ይህን ነው፦ ቀዩ ይህን ያህል ከተወደደ ገበሬው ብዙ ቀይ መዝራት ይጀምርና ዋጋው ይረጋጋ ይሆን?

ጥቁር አፈር

በቶሎ የሚሆን አይመስለኝም። ገበሬው መሬቱን የሚያከፋፍለው ባለፈው ዓመት በሸጠበት ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በእጁ ያለውና የሚያምነው የተሻሻለ ዘር ደግሞ በአብዛኛው ነጭ ነው። የቀይ ጤፍ ፈላጊ በሄክታር የሚገኘውን ምርት የሚያካክስ ዋጋ ለተከታታይ ዓመታት ካልከፈለው ጥሩውን ማሳውን ከቁንጮ ላይ አያነሣም። እስከዚያው የሚሆነው አንቺ እንዳየሽው ነው፤ ለቤቱ ያስቀረው የነበረውን ቀይ ጤፍ ለገበያ ያወጣውና እርሱ ራሱ በቆሎ ይበላል። በማውቃቸው አካባቢዎች ይህን የጀመሩ ገበሬዎች አሉ።